የጋራ የሕግ ፈንድ ረቂቅ፦ ከሐሙስ በፊት አስተያየት ስጡ

ጸሐፊ፦ የማኅበራችን ረቂቅ ተያይዟል። በጉባኤው የተባለው አራት ነገር ነው። አንድ የጋራ የሕግ ባለሙያ መቅጠር፣ ናሙና የሽያጭ ውል ማዘጋጀት፣ ገዢዎችን ከማዕቀብ ዝርዝር ጋር ማመሳከር፣ ለክርክር ጊዜ መጠባበቂያ ገንዘብ መያዝ። መዋጮው በሽያጭ መጠን ይሰላል። ሐሙስ ድምፅ ይሰጣል። ፍሬ ያለው አስተያየት ብቻ።

የቆዳ ላኪ፦ በሽያጭ መጠን ሲባል ማን ያሳወቀው መጠን? ባለፈውም እንዲሁ ተብሎ የከፈልነው እኛ ነን፣ የተጠቀመው ሌላ። የረሳን እንዳይመስላችሁ።

የእምነበረድ ላኪ፦ መዋጮው ይቆየን። እኔን የሚያንገበግበኝ ማመሳከሩ ነው። ገንዘቤ መሃል መንገድ ላይ ታግዶ ከረመ። የገዢዬ ስም የትኛውም ዝርዝር ላይ የለም፣ ደጋግሜ ፈልጌያለሁ። ነገሩ ያለው ከጀርባ ነው። አንዱ ባለድርሻ 30 በመቶ፣ ሌላው 25 በመቶ ይዟል፤ ሁለቱም የታገዱ ናቸው። በአሜሪካው ኦፋክ (ማዕቀብ የሚያስፈጽመው የግምጃ ቤት ቢሮ) ደንብ የታገዱ ሰዎች ድርሻ ተደምሮ 50 በመቶ ከሞላ ድርጅቱ ራሱ እንደታገደ ይቆጠራል፣ ስሙ ባይጻፍም። ክፍያው በዶላር ነበር። አሜሪካ ያለ ባንክ ጋ ሲደርስ ቆመ።

የትራንዚት ሰው፦ ስም ብቻ ማየት ድሮ ቀረ። የባለቤትነት ሰነዱን ከገዢው ጠይቁ። አልሰጥም ካለ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። የፈረንሳዩ ባንክ ቢኤንፒ ፓሪባ እ.አ.አ. በ2014 በማዕቀብ ጥሰት ወደ 8.9 ቢሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። ያንን ያየ ባንክ ለአንድ ኮንቴይነር ብሎ አንገቱን አይሰጥም።

የልብስ አምራች፦ የማመሳከሪያ ቅጹን እኔ አዘጋጃለሁ። እስከ ማክሰኞ ይደርሳችኋል።

የማሽን አስመጪ፦ ናሙና ውሉን ያነበበ ሰው አለ? አንቀጽ 14 «አለመግባባት ሲፈጠር በፍርድ ቤት ወይም በግልግል ይፈታል» ይላል። አለቀ። በየትኛው? የት? በማን ደንብ? ይሄ አንቀጽ ዋናው ክርክር ሳይጀመር የት እንከራከር በሚል ዓመት ያስፈጃል። ተቋሙ፣ መቀመጫው፣ የዳኞቹ ቁጥር፣ ቋንቋው፣ የሚገዛው ሕግ፣ ሁሉም በግልጽ ይጻፍ። የአይሲሲ (የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት) ናሙና አንቀጽ አለ፣ እሱን መነሻ አድርጉት። ግልግል የምንለው ለጌጥ አይደለም። የ1958ቱን የኒውዮርክ ስምምነት ከ170 በላይ አገሮች ተቀብለውታል፤ የግልግል ውሳኔ ይዘህ የተሸናፊው ንብረት ወዳለበት አገር መሄድ ትችላለህ። የፍርድ ቤት ፍርድ እንደዚያ በቀላሉ ድንበር አይሻገርም።

የቆዳ ላኪ፦ አይሲሲ የሀብታም ነው።

የማሽን አስመጪ፦ በ2021ዱ የአይሲሲ ደንብ፣ ከዚያ ዓመት መጀመሪያ ወዲህ በተደረገ የግልግል ስምምነት፣ የክርክሩ መጠን ከ3 ሚሊዮን ዶላር ካልበለጠና ተዋዋዮቹ አንፈልግም ካላሉ፣ በተፋጠነው ሥርዓት ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዳኛ። አንብበህ ተናገር።

የሶፍትዌር አባል፦ አንድ ልጨምር። ረቂቁ የሚገዛውን ሕግ በአገር ስም ብቻ ነው የሚጠራው። ያ አገር የ1980ውን የቪየና የሽያጭ ስምምነት የተቀበለ ከሆነ ስምምነቱም አብሮ ይገባል። የማትፈልጉት ከሆነ በስሙ ጠርታችሁ አስወጡት። ዝም ካላችሁ ወዳችኋል ማለት ነው።

መሥራች አባል፦ ሁሉም ጥሩ ነው። ይህን የሽፋን ገጽ ግን ማን ነው የሠራው? የእኛ ሎጎ ሁለተኛው ረድፍ መጨረሻ ላይ ተወሽቋል። ማኅበሩን ካቋቋሙት መካከል ነን። ከገባ ዓመት ያልሞላው አባል ከላይ ተኮፍሶ ይታያል።

ጸሐፊ፦ በፊደል ተራ ነው የተደረደረው።

መሥራች አባል፦ በየትኛው ፊደል? በሀሁ ከሆነ እኛ ሦስተኛ ነን።

ጸሐፊ፦ ሰነዱ ለውጭ ገዢዎችም ስለሚላክ በላቲን።

የእምነበረድ ላኪ፦ በላቲን ከሆነ እኔ መጨረሻ ነኝ። በሀሁም መጨረሻ ነኝ። በምሥረታ ዘመን ይሁን።

አዲስ አባል፦ ከላይ ተኮፍሷል የተባልኩት እኔ ነኝ መሰለኝ። እኔ ራሴን አልሰቀልኩም። በዘመን ከሆነ ግን መዋጮውም በዘመን ይሁን፣ አንጋፋው ብዙ ይክፈል።

መሥራች አባል፦ አፍህን ሰብሰብ አድርግ።

የቆዳ ላኪ፦ ልጁ ምን አጠፋ? ብዙ የሚከፍል ከፊት ይቀመጥ። ገንዘቡም ሎጎውም በአንድ መስፈርት።

የትራንዚት ሰው፦ ጭራሽ ጨረታ ሆነ!

የሶፍትዌር አባል፦ ሎጎውን ለአፍታ ተዉትና ገጽ 6 ላይ እንነጋገር። «አባላት ስለ ገዢዎቻቸው፣ ስለ ዋጋና ስለ ክፍያ ሁኔታ መረጃ ይለዋወጣሉ፤ ችግር ያለበትን ገዢ በጋራ ከማስተናገድ ይቆጠባሉ» ይላል። እዚህ ያለነው እኮ ተፎካካሪዎች ነን። ዋጋ መለዋወጥና ገዢን በጋራ ማግለል በብዙ አገር የውድድር ሕግ ላይ ያስጥላል። የአውሮፓ ኅብረት ውል አንቀጽ 101 የማኅበራትን ውሳኔ በስም ጠቅሶ ያካትታል፤ ቅጣቱ ከዓመታዊ ጠቅላላ ሽያጭ እስከ 10 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ውጤቱ እነሱ ገበያ ላይ ካረፈ የተፈራረምንበት ቦታ አያድነንም። ከአደጋ ለመዳን ባወጣነው ሰነድ ላይ ራሳችንን ከሰን ፈርመን ልንልከው ነው። የማዕቀብ ማመሳከሩ ይቅር አላልኩም። ባለሙያው ለእያንዳንዱ አባል ለብቻው ያመሳክር፣ ለመሸጥ ላለመሸጥም አባሉ ራሱ ይወስን። ዋጋ የሚለው ቃል ከገጽ 6 ይውጣ።

የእምነበረድ ላኪ፦ ጥሩ ነጥብ ነው። በነገራችን ላይ ሎጎዎቹ በክብ ቢደረደሩስ? ክብ መጀመሪያ የለውም።

መሥራች አባል፦ ክብም አናት አለው።

አዲስ አባል፦ እውነት ነው፣ አናት አለው።

የልብስ አምራች፦ የእኛ ሎጎ አግድም ረጅም ነው፣ ክብ ውስጥ አይገባም።

የማሽን አስመጪ፦ አንተ ቅጹስ? ማክሰኞ አልፏል።

ጸሐፊ፦ የልብስ አምራቹ ስልክ አይነሳም። ቅጹን ሌላ ሰው ይረከብ።

ጸሐፊ፦ ማንም የለም?

የትራንዚት ሰው፦ እኔ የምለው የጠፋብን ሌላ ነው። ባለሙያው ወኪሎቻችንን ይመለከታል ወይስ አይመለከትም? ወኪል ጉምሩክ ላይ «ለማፋጠን» ብሎ የሚሰጣት ትንሽ ገንዘብ አለች። የአሜሪካው የ1977 የውጭ ጉቦ ሕግ ለእንደዚህ ዓይነቷ ጠባብ ቀዳዳ ትቶላታል። የእንግሊዙ የ2010 የጉቦ ሕግ ግን አይምራትም፤ እዚያ የሚነግድ ድርጅት ስለ እሱ የሚሠራ ሰው ጥቅም ፈልጎ ጉቦ ከሰጠ ድርጅቱም ይጠየቃል። ማምለጫው በቂ የመከላከያ ሥርዓት ነበረኝ ብሎ ማስረዳት ነው። ያለ ወረቀት ደግሞ ምን ታስረዳለህ?

የቆዳ ላኪ፦ አንተ ወኪል ሆነህ ስለ ወኪል ታስተምራለህ?

የትራንዚት ሰው፦ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል ታዲያ። ስንት ደብዳቤ «ጉዳዩ ይፋጠን» ብሎ ከማን ቢሮ እንደሚወጣ ልናገር?

ሊቀመንበር፦ በቃ። ሁለታችሁም በስልክ ተነጋገሩ። እዚህ የተጻፈ ነገር ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ እንደሚችል እንኳ አታስቡም።

የቆዳ ላኪ፦ ቀልድ ነው ጋሼ። ከእሱ ጋር ስንት ዘመን ሠርተናል። ተዋውቀን አንጣላም።

ሊቀመንበር፦ እሺ። ሐሙስ ላይ ጉባኤው ምልዓት እንዲሞላ የሚያጣላውን እናውጣ። ሎጎ አይኖርም፣ የማኅበሩ ማኅተም ብቻ።

መሥራች አባል፦ ሎጎ ከሌለ እኛ በመዋጮው ለመግባት ቦርዳችንን ማሳመን ይከብደናል።

የእምነበረድ ላኪ፦ እኛም። ገዢዎቻችን ይህ ማኅበር ውስጥ መሆናችንን እንዲያዩልን ነበር።

የሶፍትዌር አባል፦ እሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሽፋኑ ላይ «ተጣርተው የጸደቁ አባላት» ተብሏል። ማን አጣራን? ገዢ ያንን አምኖ ገዝቶ ጉድ ቢፈላ ቃላችን ነው የሚመዘዘው።

ጸሐፊ፦ «የተመዘገቡ አባላት» ብዬ ቀይሬዋለሁ። መዋጮው ላይ ደግሞ ሁለቱ ትልልቅ ከፋዮች ካመነቱ ባለሙያ ለመቅጠር አይበቃም። መጠባበቂያውማ አይታሰብም። ምን ይደረግ?

አዲስ አባል፦ ስልጠና ብናዘጋጅስ? የአንድ ቀን። ማዕቀብ፣ ውል፣ ጉቦ ሁሉም በአንድ ላይ። እሱ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም።

መሥራች አባል፦ ይህ ይሻላል። ከጀርባ በሚሰቀለው ትልቅ ባነር ላይ የሁሉም ሎጎ በደንብ ይገባል።

የማሽን አስመጪ፦ አንቀጽ 14ስ?

ጸሐፊ፦ አንቀጽ 14 በስልጠናው ላይ እንደ ምሳሌ ይቀርባል። የተሻሻለው ረቂቅ ይኸው፦ አንደኛ፣ የአንድ ቀን ስልጠና። ሁለተኛ፣ ናሙና ውሉ በበጎ ፈቃደኛ ጠበቃ እስኪታይ ባለበት ይቆያል። ሦስተኛ፣ ባለሙያ ስለመቅጠር ኮሚቴ ያጠናል። ገጽ 6 ወጥቷል። ለኮሚቴው ሦስት ሰው እፈልጋለሁ።

የእምነበረድ ላኪ፦ የታገደው ገንዘቤን ኮሚቴው ነው የሚያስለቅቀው?

ጸሐፊ፦ እሱ የግልህ ጉዳይ ነው፣ ጠበቃ ያዝ።

የልብስ አምራች፦ ይቅርታ ጉዞ ላይ ነበርኩ። ስልጠናው የምስክር ወረቀት አለው?

ጸሐፊ፦ አለው።

የልብስ አምራች፦ ማን ነው የሚፈርመው?

መሥራች አባል፦ ይህ ከሐሙስ በፊት ይወሰን።