«ጃጅተዋል» ብሎ መተው ይገባል ወይስ ሐኪም ዘንድ መውሰድ?

የሆጤዋ፣ ከደሴ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እናቴ 71 ዓመታቸው ነው። ከአንድ ዓመት ወዲህ የሚረሱት ነገር እየበዛ መጥቷል። መጀመሪያ የቁልፍና የመነጽር ነበር፤ ያ የሁላችንም ነው ብለን አለፍነው። ባለፈው ወር ግን ጎረቤት ሰብስበው ቡና ሲያፈሉ አቦሉን ካጠጡ በኋላ ጀበናውን ለቶና እንደ መጣድ እንደገና ጥሬ ቡና መቁላት ጀመሩ። ቆልተው፣ አስወቅጠው፣ አዲስ አቦል ቀዱ፤ ከዚያም ይህንኑ ደገሙት። ጎረቤቶቻችን በይሉኝታ ሦስት አቦል ጠጥተው፣ መርቀው ተነሡ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ሰሞኑን ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከተመላለሱበት ከሰኞ ገበያ ወደ ቤት የሚመለሱበት መንገድ ጠፍቷቸው አንድ የባጃጅ ሹፌር አምጥቶልናል።

የደም ግፊት አለባቸው፤ ኪኒናውን የሚውጡት ግን ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ ነው። ዘመድ ሁሉ «ጃጅተዋል፤ ዕድሜ ነው፤ ምን ይደረጋል» ይለኛል። አንድ የጤና ባለሙያም ሳያያቸው ይህንኑ ነግሮኛል። እውነት ይህ የዕድሜ ነገር ብቻ ነው? እኔስ 46 ዓመቴ ነውና ከወዲሁ ላደርገው የምችለው ነገር አለ?

ነርስ፣ ከኮምቦልቻ

እኅቴ፣ አብሽሪ። ዕድሜ ሲገፋ ስም ማስታወስ መዘግየቱ ያለ ነው፤ የረሱት ስም ማታ ላይ ትዝ ይላል። የእናትዎ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ዕድሜ ልክ እጅ የለመደው የሥራ ቅደም ተከተል ሲበተንና የታወቀ መንገድ ሲጠፋ ምርመራ ያስፈልጋል። የመርሳት በሽታ የአንጎል ሕዋሳትን ከሚጎዱ የተለያዩ ሕመሞች የሚመጣ እንጂ የእርጅና ግዴታ አይደለም። ከታማሚዎቹ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ያለባቸው እ.ኤ.አ. በ1906 ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር የገለጸው፣ በስሙ የሚጠራው ሕመም ነው። ሌላው ዋና ምክንያት የአንጎል ደም ሥሮች መጎዳት ነው፤ በአግባቡ ያልታከመ ግፊት የሚያሳስበኝም በዚህ ነው። ግፊት ራስ ሳያመም ይጎዳል፤ ስለዚህ ኪኒናው ሐኪም እንዳዘዘው በየቀኑ መወሰድ አለበት።

«ጃጅተዋል» የሚለውን ቃል የምጠላው በር ስለሚዘጋ ነው። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ ከወደቁ ከሳምንታት በኋላ ጭንቅላት ውስጥ የሚጠራቀም ደም፣ እነዚህ ሁሉ የመርሳት በሽታ መስለው ይታያሉ፤ ሕክምናም አላቸው። መዘባረቁ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት ከመጣ ደግሞ እንደ ሽንት ቧንቧ ያለ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት ይወሰዳሉ።

የቦርከና ዳር ሰው

ነርሷ ያሉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ምርመራ ሁሉ መልካም ዜና ይዞ አይመለስም፤ የአባቴ አልዛይመር ነበር። የፋብሪካ ጡረተኛ ነበሩና ሌሊት ተነሥተው «ፈረቃዬ ደርሷል» ብለው ጫማቸውን ያስሩ ነበር። የሞተውን ወንድማቸውን ሲጠሩብኝ እኔ እውነቱን መናገር ይሻላል ብዬ «ሞቷል እኮ» እላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም እንደ አዲስ ያለቅሳሉ። ለወራት ያህል ለአባቴ በየቀኑ መርዶ አረዳኋቸው። በኋላ ነው «እስቲ ስለ እርሱ ያጫውቱኝ» ማለት የተማርኩት፤ የልጅነታቸውን ደግሞ ከእኔ በተሻለ ያስታውሱ ነበር። ምናልባት ብቻቸውን ቢወጡ የእርስዎን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ይቋጥሩላቸው። ለራስዎም ተረኛ ይፈልጉ፤ እኔ ብቻዬን ይዤው ታምሜበታለሁ።

ፋርማሲስት፣ ደሴ

ከተነሡት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለእንቅልፍና ለነርቭ ሕመም የሚወሰደው አሚትሪፕቲሊን፣ ለጉንፋን የሚሰጠው ክሎርፌኒራሚንም ጭምር፣ በአረጋውያን ላይ ማስታወስን ያደበዝዛሉ። ሰው ጎረቤቱን የተሻለውን መድኃኒት ተውሶ ሲውጥ ስለምናይ ቤት ውስጥ ያለውን ፍሬ በሙሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ሆኖም ለረጅም ጊዜ የተወሰደውን ሐኪም ሳያማክሩ በድንገት አያስቁሙ።

ስለ ራስዎ ለጠየቁት፣ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ፣ ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 ነገሮችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ ከበሽታው 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። በእርስዎ ዕድሜ ቀዳሚው ግፊትን መለካት ነው፤ ኮሚሽኑ ከ40 ዓመት ጀምሮ የላይኛው ቁጥር ከ130 እንዳይበልጥ ይመክራል። ስኳርና ኮሌስትሮልም ይታዩ። ሰው የማይገምተው የጆሮና የዐይን ነገር ነው፤ መስማት የተሳነው ሰው ከጨዋታ ይርቃል፣ ብቸኝነቱም አንጎልን ይጎዳል። ለእንቅስቃሴ የደሴ ዳገት ራሱ ይበቃል፤ ታክሲውን ትተው ይውጡት። «ለአእምሮ ነው» ተብሎ በውድ የሚሸጠውን ቫይታሚን ግን፣ እኔው ሻጩ ልንገርዎ፣ እጥረት ከሌለብዎ አይግዙት።

የሆጤዋ፣ ከደሴ

አላህ ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፋርማሲስቱን መልእክት አንብቤ የእናቴን ሙዳይ ስፈትሽ ከግፊቱ ኪኒና ጋር ግማሽ የተበላ የአሚትሪፕቲሊን ማሸጊያ አገኘሁ። ለእንቅልፍ ብላ የሰጠቻቸው አክስቴ ናት፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስጠይቃት «ከአምናው ረመዳን» አለችኝ። አልጣልኩትም፤ በፌስታል ቋጥሬዋለሁ። ሐሙስ ሐኪሙ ፊት ይዘረገፋል።