ማስተርሴን ልጨርስ ነው፣ ከቴሲስ ውጪ ምን ልያዝ? ሳይንስ ላይ ያላችሁ እስቲ ምከሩኝ

ወተት_ላብ፦
ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች እንዴት ናችሁ። ባዮቴክኖሎጂ ማስተርስ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ከአዲስ አበባ ውጪ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ፣ እግዜር ካለ ሰኔ ላይ ዲፌንድ አደርጋለሁ። ቴሲሴ ጥሬ ወተት ውስጥ የሚገኙ ባክቴሪያዎች መድኃኒት መላመዳቸው ላይ ነው፣ ከገበሬ ቤትና ከወተት መሰብሰቢያ ናሙና አምጥቼ ኢኮላይና ስታፍ አውጥቼ፣ መድኃኒት ያለበትን ዲስክ አስቀምጬ ባክቴሪያ ያልበቀለበትን ዞን በማስመሪያ ለክቼ ኤክሴል ላይ ሞልቼዋለሁ፣ አሁን እዚያ ላይ ነው ያለሁት።

ጥያቄዬ ምን መሰላችሁ፣ እሺ ቴሲሱን ጽፌ ተመረቅኩ እንበል፣ ከዚያስ? ሰው ሁሉ የሚያወራው ስኮላርሺፕ ስኮላርሺፕ ነው፣ እኔ ግን ማወቅ የምፈልገው ስኮላርሺፑን የሚያገኙት ልጆች ምን ይዘው እንደሚቀርቡ ነው። ዲፓርትመንታችን ውስጥ ሴሚናር የለም፣ ስለ ፔፐር አጻጻፍ ወይ ስለ ግራንት ወይ ስለ ሲቪ ያስተማረን ሰው የለም፣ ማስታወቂያ እንኳ ቢመጣ ቦርድ ላይ የሚለጠፈው ዴድላይኑ ካለፈ በኋላ ነው። አድቫይዘሬ ጎበዝም ቅንም ሰው ነው ግን ስንት ተማሪ ይዞ እኔን ለብቻ ቁጭ ብሎ ሊያስተምረኝ አይችልም። ኢንተርኔት ያለኝ ግቢ ውስጥ ብቻ ነው፣ ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ በዶላር የሚከፈል ነገር ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። በዚህ ሁኔታ እስከ ሰኔ ምን ላይ ባተኩር ይጠቅመኛል? ለሴቶች ብቻ የሚሰጥ ፌሎውሺፕም አለ ሲባል ሰምቻለሁ፣ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ስላስረዘምኩት ይቅርታ፣ ጨንቆኝ ነው።

ማታ_ኮደር፦
እህቴ መጀመሪያ አይዞሽ፣ ዳታ ሰብስበሽ ጨርሰሻል እኮ፣ ትልቁን ሥራ ሠርተሻል። እኔ የምመክርሽ አንድ ነገር ነው፣ እሱም ዳታሽን ራስሽ መተንተን ተማሪ። ብዙ ልጅ ኤክሴሉን ለሆነ ሰው ከፍሎ በኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ያሠራና ዲፌንስ ላይ ይህን ቴስት ለምን መረጥሽ ሲባል ዝም ይላል፣ አንቺ እንደዚያ እንዳታደርጊ።

አር (R) የሚባለው የዳታ መተንተኛ ፕሮግራም ነጻ ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል፣ ግቢ ውስጥ ሆነሽ ፓኬጆቹን (ተጨማሪ መሣሪያዎቹን) አንዴ ካወረድሽ ማታ ቤትሽ ያለ ኢንተርኔት ትሠሪበታለሽ። ደግሞ ለአንቺ ሥራ ቁርጥ ያለ ፓኬጅ አለ፣ ስሙም ኤኤምአር ነው የሚባለው፣ የለካሽውን ሚሊሜትር ስትሰጪው በዩካስት (የአውሮፓ) ወይም በሲኤልኤስአይ (የአሜሪካ) መመሪያ መሠረት ይሄ ሰስፔክቲብል ነው (መድኃኒቱ ይሠራበታል)፣ ይሄ ሬዚስታንት ነው (መድኃኒቱን ተላምዷል) እያለ ይለይልሻል፣ ከዚያ ለሦስትና ከዚያ በላይ የመድኃኒት ክፍል የተላመዱትን መቁጠር ትችያለሽ። የዩካስት ሰንጠረዥ በነጻ ይወርዳል። ኮድ ካስፈራሽ ደግሞ ሁኔት (WHONET) የሚባል ሶፍትዌር አለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለዚሁ ሥራ የሚደግፈው፣ እሱም ነጻ ነው፣ ብዙ ሀገር ላይ ሆስፒታል ላቦች የሚጠቀሙት እሱን ነው፣ ስለዚህ ሲቪሽ ላይ ብትጽፊው የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል።

አርን ለመጀመር የካርፔንትሪስን ትምህርት እይ፣ ለሳይንስ ሰው ታስቦ የተጻፈ ነው፣ ፕሮግራመር ለመሆን አይደለም። ወደፊት ሲኩዌንስ (የዘረመል ቅደም ተከተል) ዳታ ካገኘሽ ደግሞ ጋላክሲ አለ፣ በብራውዘር ነው የሚሠራው፣ ሥራው ሁሉ እነሱ ሰርቨር ላይ ስለሆነ ላፕቶፕሽ ደከመ አልደከመ ለውጥ የለውም፣ ማሰልጠኛውም እዚያው ላይ ደረጃ በደረጃ ተቀምጧል። ኢምብል ኢቢአይ የተባለው የአውሮፓ ተቋምም ነጻ የባዮኢንፎርማቲክስ (የባዮሎጂ ዳታን በኮምፒውተር የመተንተን) ኮርሶች አሉት። ግን ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትጀምሪ፣ ለአሁኑ አርና ያንቺ ኤክሴል ብቻ፣ የራስሽ ዳታ ላይ ስትሠሪ ነው ቶሎ የሚገባሽ። ሰርተፊኬት መሰብሰብ ላይ ጊዜ አታጥፊ፣ ከአሥር ሰርተፊኬት ይልቅ ራስሽ የሠራሽው አንድ ጥሩ ግራፍ ይበልጣል።

የድሮ_አለማያ፦
ልጄ ጥያቄሽን ሳነብ ደስ አለኝ። እኔ ብዙ ዘመን ያስተማርኩ ሰው ነኝ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ።

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታን ታውቂያቸዋለሽ፣ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው በ2009 እንደ ፈረንጆቹ የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት። እሳቸው አለማያ ኮሌጅ ሳሉ በ1973 እንደ ፈረንጆቹ መምህራቸው ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከመጡት የማሽላ ተመራማሪ ከዶክተር ጆን አክስቴል ጋር አስተዋወቋቸው፣ ሰውዬው የሀገራችንን የማሽላ ዝርያ ሲሰበስቡ ወጣቱ ገቢሳ አብረው ሠሩ፣ ሥራቸውን ያዩት አክስቴልም ወደ ፐርዱ ጋበዟቸው፣ ማስተርሳቸውንም ፒኤችዲያቸውንም እዚያ ሠሩ። እንግዲህ እዩት፣ መምህሩ አስተዋወቀ፣ ተማሪው በእጁ ሥራ ራሱን አሳየ። ዛሬም ነገሩ ያው ነው። አድቫይዘርሽ ጊዜ ባይኖረው እንኳ ከማን ጋር እንደሚያስተዋውቅሽ ጠይቂው፣ እሱ ላንቺ አንድ መስመር ኢሜይል መጻፍ አይከብደውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጽሑፍ ነው። ኦተርኤይድ የሚባል አለ፣ ኢናስፕ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ነው የሚያካሂደው፣ በታዳጊ ሀገር ላሉ ተመራማሪዎች የምርምር ጽሑፍ አጻጻፍ በነጻ በኦንላይን ያስተምራል፣ ከዚያም በላይ ልምድ ካለው ሰው ጋር እንደ መካሪ ያገናኛል። እሱን ሞክሪ። ፔፐር አጣሁ የሚል ተማሪ ደግሞ ብዙ አያለሁ፣ ላይብረሪያችሁ ሄደሽ የሪሰርች ፎር ላይፍ (ፔፐር በነጻ የሚያስነብብ ፕሮግራም) ፓስወርድ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። የጤናው ሂናሪ፣ የእርሻው አጎራ ሁለቱም እሱ ውስጥ ናቸው፣ ኢትዮጵያ በነጻ ከሚገቡት ሀገሮች ውስጥ ናት። ብዙ ቦታ ተቋሙ ተመዝግቦ ፓስወርዱ አንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ተማሪው ሳያውቀው ይመረቃል፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ፐብሊሽ ማድረግ ላይ አደራ። በሳምንት ውስጥ እናወጣልሻለን፣ ይህን ያህል ዶላር ላኪ እያሉ ኢሜይል የሚልኩትን አትመኚ። ጆርናሉ ዶአጅ (ማንም በነጻ የሚያነባቸው፣ ኦፕን አክሰስ የሚባሉ ጆርናሎች ዝርዝር) ላይ አለ ወይ ብለሽ እዪ፣ ቲንክ ቼክ ሰብሚት የሚለው ድረገጽ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መልሺ። ትክክለኞቹ ኦፕን አክሰስ ጆርናሎች ብዙዎቹ እንደኛ ካለ ሀገር ለሚመጣ ክፍያውን ይተዋሉ፣ ግን የሚጠየቀው ሰብሚት ሲደረግ ነው፣ ፔፐሩ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብትጠይቂ እምቢ ሊሉሽ ይችላሉ። እዚህ ሀገር ያሉትንም አትናቂ፣ ሲኔት የሚባለው የሳይንስ ጆርናል አለ፣ የኬሚስቶቹ ማኅበር ቡለቲን አለ፣ በደንብ የሚገመግሙ ናቸው።

ሳንድዊች_ፒኤችዲ፦
የሴቶቹን እኔ ልንገርሽ፣ እኔም በእሱ ነው እየተማርኩ ያለሁት። ኦደብሊውኤስዲ ይባላል፣ በታዳጊ ሀገሮች ያሉ የሳይንስ ሴቶች ድርጅት ነው፣ ዋና ቢሮው ጣልያን ትሪየስቴ ነው። ፒኤችዲ ፌሎውሺፑ ማስተርስ ለያዘች ሴት ነው፣ የምትማሪው ግን አውሮፓ ሳይሆን ሌላ ታዳጊ ሀገር ነው፣ ብዙዎቻችን ደቡብ አፍሪካን እንመርጣለን። ሁለት ዓይነት አለው፣ ሙሉ በሙሉ እዚያ ሄዶ መማር ወይም ሳንድዊች፣ ሳንድዊች ማለት ሀገርሽ ፒኤችዲ ተመዝግበሽ የላቡን ሥራ እየሄድሽ እዚያ መሥራት ነው፣ ሥራ ላለሽና ቤተሰብ ላለሽ ይሄኛው በጣም ጥሩ ነው። ከማመልከቻው ጋር የሚቀበልሽ ተቋም የቅድሚያ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፣ ጥሪው ከወጣ በኋላ ፕሮፌሰር መፈለግ ሲጀምር ጊዜው ያልቃል። ስለዚህ አሁኑኑ ፈልጊ፣ የዘንድሮ ጥሪ መቼ እንደሚከፈት ደግሞ ከራሱ ድረገጽ ላይ እዪ እንጂ ከቴሌግራም ቻናል አትውሰጂ። ወደፊት ፒኤችዲ ከጨረስሽ በኋላ እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ የጀማሪ ተመራማሪዎች ፌሎውሺፕም አላቸው፣ እሱ ሀገርሽ ውስጥ የራስሽን የምርምር ቡድን እንድታቋቁሚ ነው።

ሎሪያልና ዩኔስኮም ለአፍሪካ ፒኤችዲ ተማሪዎችና ፖስትዶኮች በየጊዜው ይሸልማሉ። የኛዋ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ በ2014 እንደ ፈረንጆቹ ትልቁን የሎሪያል ዩኔስኮ ሽልማት ያገኙት የዕፅዋት በሽታ ላይ በሠሩት ምርምር ነው፣ የሳቸውን ታሪክ አንብቢ፣ ከፊኖተ ሰላም አካባቢ ገጠር ተነስተው ናይሮቢ ያለውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔን እስከ መምራት የደረሱ ሰው ናቸው።

ሌላ ዳድ የሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅትም አለ፣ ለማስተርስና ለፒኤችዲ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ የሚማሩትንም ይደግፋል። ፊዚክስና ማትስ የሆናችሁ ይሄን የምታነቡ ልጆች ደግሞ የአይሲቲፒን (ትሪየስቴ ያለ የፊዚክስ ማዕከል) የአንድ ዓመት ዲፕሎማና ኤይምስን (የአፍሪካ የማትስ ተቋም) እዩ፣ ሁለቱም ወጪውን ይሸፍናሉ።

ወተት_ላብ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ እንዲህ ትመልሱልኛላችሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ዶክተር እርስዎንም በጣም አመሰግናለሁ፣ ነገ ላይብረሪ ሄጄ ፓስወርዱን እጠይቃለሁ። ሳንድዊች እህቴ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ለማላውቀው ፕሮፌሰር ኢሜይል ስጽፍ ምንድነው የምለው? ሁለት ጊዜ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ፣ ልመና መሰለብኝ።

ሳንድዊች_ፒኤችዲ፦
ልመና አይደለም፣ ተማሪ መቀበል ሥራቸው ነው። አጭር አድርጊው፣ ስልክ ላይ ሳይንሸራተት የሚነበብ። ኢትዮጵያ ውስጥ ጥሬ ወተት ላይ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን እያጠናሁ ነው፣ ይህን ያህል አይዞሌት (ከናሙናው የለየሁት ባክቴሪያ) አለኝ፣ ያገኘሁት ዋና ነገር ይሄ ነው በዪ። ከዚያ ከፔፐሮቻቸው አንዱን በእውነት አንብበሽ ካንቺ ሥራ ጋር የሚገናኝበትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፣ ለምሳሌ እኔ እስካሁን ፌኖታይፕ (ዲስኩ ላይ የታየውን መላመድ) ብቻ ነው ያየሁት፣ እናንተ የሠራችሁትን የጂን ሥራ በኔ አይዞሌቶች ላይ መቀጠል እፈልጋለሁ ብለሽ። በኦደብሊውኤስዲ ላመለክት ነው፣ ተማሪ ትቀበላላችሁ ወይ ብለሽ ጨርሺ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ስትነግሪያቸው መልስ የመስጠት ዕድላቸው ይጨምራል። ሁለት ገጽ ሲቪ አያይዢ። ለሃያ ሰው አንድ ዓይነት ኢሜይል አትላኪ፣ ይታወቃል። ካልመለሱ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ አስታውሺና ወደ ሌላ ሂጂ።

አይዞሌቶችሽን ደግሞ በግሊሰሮል በሁለት ኮፒ አስቀምጪ፣ መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩ ቀልጦ የስንት ልጅ ሥራ እንደጠፋ አይቻለሁ። አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ወይም ሌላ ጥሩ ፍሪዘርና ጄኔሬተር ያለው ላብ ውስጥ አንድ ኮፒ ማስቀመጥ ቢቻል አድቫይዘርሽን አናግሪው። ማንም ፕሮፌሰር የሚፈልገው እነዚያን አይዞሌቶች ነው።

ጥራት_ቁጥጥር፦
እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ፣ ሁሉም ሰው ፒኤችዲ ብቻ ነው መንገዱ ብሎ ባይነግርሽ ጥሩ ነው። ማስተርስ ማይክሮባዮሎጂ ይዤ የምግብ ፋብሪካ ላብ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ሥራዬንም እወደዋለሁ። እዚህ ቅጥር ላይ ሰው የሚያጣው ዕውቀት አይደለም፣ የላብ ጥራት ሥርዓትን ነው። አይሶ 17025 (የላቦች የብቃት ስታንዳርድ) ምን እንደሚል፣ ሚዛንና ፒፔት ካሊብሬሽን መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሜተድ ቫሊዴሽን (የምርመራ ዘዴው ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ)፣ ኤስኦፒ (የአሠራር መመሪያ) አጻጻፍ፣ እነዚህን የሚያውቅ ተመራቂ ኢንተርቪው ላይ ወዲያው ይለያል። ዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥ ሳለሽ ለአውቶክሌቩ (በእንፋሎት ማምከኛው) አንድ ትክክለኛ ኤስኦፒ ጽፈሽ ግድግዳው ላይ ብትለጥፊ፣ የዕለት መዝገብ ብታስጀምሪ፣ ይሄ ሲቪ ላይ የሚጻፍ ሥራ ነው። ወተት ላይ ስለሠራሽ ደግሞ በአካባቢሽ ያለ የወተት ማቀነባበሪያ ላብ ጠይቀሽ ለተወሰኑ ሳምንታት ገብተሽ እዪ፣ የአልኮል ቴስቱን (ወተቱ ትኩስ መሆኑን የሚያዩበትን) በየቀኑ ነው የሚሠሩት።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ፣ ውጤትሽን ናሙና ለሰጡሽ ገበሬዎችና ለወረዳው እንስሳት ጽ/ቤት በቋንቋቸው ሄደሽ አቅርቢ። የትኛው መድኃኒት እንደማይሠራ የማወቅ መብት አላቸው፣ አንቺም ሳይንስን ሳይንቲስት ላልሆነ ሰው ማስረዳት የምትለምጂው እንደዚያ ነው፣ ብዙ ፌሎውሺፕ ፎርም ላይም ይሄ ይጠየቃል።

ከሬጅስትራር_ጎን፦
ሁሉም ጥሩ ነው ግን ወረቀቱን የረሳችሁት መሰለኝ። የመጀመሪያ ዲግሪ ኮስት ሼሪንግሽን ካልጨረስሽ ኦሪጅናሉንና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ማግኘት ይከብድሻል፣ ስለዚህ ከወዲሁ ስንት እንደቀረብሽ አጣሪ። ፓስፖርትም ስኮላርሺፕ ሲመጣ አወጣለሁ አትበዪ። ሪኮመንዴሽን ለሚጽፍልሽ ሰው ዴድላይኑን፣ ሲቪሽንና አብራችሁ የሠራችሁትን በአንድ ገጽ አድርገሽ ቀድመሽ ስጪው፣ ቢዚ ሰው ከሆነ ለሱም ይቀለዋል ደብዳቤውም ያምራል። አይልትስ ውድ ነው፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ መማርሽን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር ካመጣሽ ይቀበላል፣ አስቀድመሽ ጠይቂ። ፕሮሰስ እናደርግልሻለን ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ኤጀንት ካጋጠመሽ ደግሞ ጥለሽው ሂጂ፣ እዚህ የተጠቀሱት በሙሉ ማመልከቻ የሚቀበሉት በቀጥታ በራሳቸው ድረገጽ ነው።

ማታ_ኮደር፦
ኮስት ሼሪንጉ እውነት ነው ጎበዝ፣ ጥሩ አነሳኸው። ወተት_ላብ አር ስትጭኚ ከተቸገርሽ እዚሁ ጻፊ፣ ኤረሩን እንዳለ ኮፒ አድርገሽ ለጥፊው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መስመሮች ደግሞ የገበሬዎቹን ስምና ቀበሌ አጥፍተሽ ብትልኪልኝ ኮለሞቹን ፓኬጁ እንዲያነበው እንዴት እንደምታስተካክዪው አሳይሻለሁ፣ ቅዳሜ ማታ ነጻ ነኝ።