ቀይ አውቶቡሱ «የቱሪስት ዕቃ» ነው ወይስ የእኛም?

የብሪክስተን ልጅ፦
ትናንት ሰላሌ፣ እንግሊዞች በቀይ አውቶቡስ፣ በቀይ የስልክ ሳጥንና በቢግ ቤን መኩራታቸው ሲነሣ «ይሄ ሁሉ የቱሪስት ዕቃ ነው፣ እኛን ምን አገባን» ያለው ሲከነክነኝ አደረ። ወንድሜ፣ አውቶቡሱን ማን ሲሠራበት ኖረ? ለንደን ትራንስፖርት በ1956 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ባርቤዶስ ድረስ ሄዶ ትኬት ቆራጭና የጣቢያ ሠራተኛ ቀጥሯል። ሩትማስተር የሚሉት ከኋላው ክፍት የሆነው ባለ ሁለት ፎቁ ቀይ አውቶቡስም ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ዛሬ የሌሊት አውቶቡስ ብትሳፈር መሪውን የያዘው ያገርህ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ሰላሌ፦
ሩትማስተርን ራስህ አነሣህልኝ። በዲሴምበር 2005 ከመደበኛ ሥራ ወጣ፤ የመጨረሻው በእናንተው ሰፈር የሚያልፈው 159 ቁጥር ነበር። አሁን የምታየው ለሠርግና ለጉብኝት የሚከራየውን ነው። የስልክ ሳጥኑስ፣ ማን ይደውልበታል? የቱሪስት ዕቃ ያልኩት ይህንን ነው። ብሪስቶል ውስጥ እስከ 1963 ጥቁር የአውቶቡስ ሠራተኛ አንቀጥርም ሲሉ እንደነበርም አትርሳ።

የብሪክስተን ልጅ፦
ብሪስቶልን እኔም አውቃለሁ። ሕዝቡ አውቶቡስ አንሳፈርም ብሎ አድሞ አይደል እንዴ ያስለወጣቸው? እኔ የምኮራው በዚያ ነው።

ዘሊድስ፦
«ማን ይደውልበታል» ላልከው፣ ሰላሌ፣ እኔ ልመልስልህ። የሰፈራችንን ሳጥን ነዋሪው በአንድ ፓውንድ ተረክቦ ዲፊብሪሌተር (በኤሌክትሪክ ልብን ወደ ምቱ የሚመልስ መሣሪያ) አስገባበት። ጎረቤታችን ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ሲወድቁ ወደ ድንገተኛ አደጋ ቁጥሩ 999 ደወልን፤ የመሣሪያውን ማስቀመጫ መክፈቻ ቁጥር ነገሩን፤ ባለቤቴ ሮጦ አመጣው። የሳጥኑ በር ከባድ ነው፣ በሁለት እጅ ካልሳቡት እሺ አይልም። ሰውዬው ዛሬ በሕይወት አሉ። አርክቴክቱ ጋይልስ ጊልበርት ስኮት በ1920ዎቹ ሲነድፈው ለዚህ አላሰበውም፤ ሰዉ ግን መጣል አልፈለገም፣ ሥራ ሰጠው። የቱ ቱሪስት ነው ለዚህ የመጣው?

ሰላሌ፦
እግዜር ይስጣቸው፣ ሽማግሌው በመትረፋቸው ደስ ብሎኛል። ያዳናቸው ግን መሣሪያው ነው፤ ግድግዳ ላይም ይሰቀላል።

ዘሊድስ፦
ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ባሌ በዚያ ድንጋጤ የት እንዳለ ያውቅ ነበር? ቀይ የሆነው እኮ ከሩቅ እንዲታይ ነው!

ጎንደሬው፦
እናንተ ስለ ቀለም ትከራከራላችሁ። ቢግ ቤን መደወል በጀመረ በዘጠኝ ዓመቱ፣ በ1868፣ ጦራቸው መቅደላን ዘረፈ። 11 ታቦታት ዛሬም ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ልዑል ዓለማየሁ የተቀበረው የነገሥታቱ ግንብ ዊንዘር ነው፤ አጽሙ ይመለስ ሲባል በ2023 የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት እምቢ አለ። ዊንዘርም ከሚኮሩባቸው አንዱ ነው፤ የእኛ ሰውም በሩ ላይ ፎቶ ይነሣል። እኔ ያንን ፎቶ ባየሁ ቁጥር ያመኛል።

ዘሊድስ፦
ጎንደሬው፣ ልዑሉ የሞተው እዚሁ ሊድስ ነው፣ በ1879፣ ገና በ18 ዓመቱ። ስሙ ሲነሣ አንጀቴ ይላወሳል። ግን የስልክ ሳጥኑ መቅደላን አልዘረፈም።

ጎንደሬው፦
ሳጥኑ አናት ላይ ያለው ዘውድ የማን ነው ታዲያ?

ሰላሌ፦
በቃ፣ ጨረሰው!

የብሪክስተን ልጅ፦
ምኑን ጨረሰው? ዘውድ ያለበትን ሁሉ ከተውክ ፓስፖርትህንም መልስ። ታቦቱ ይመለስ ብሎ ፓርላማው በር ላይ የሚጮኸው ሰው እኮ ድምፅ የሚሰጥበት አገር ነው ብሎ ነው።

ሰላሌ፦
ፓስፖርቴን ለቀቅ አድርግልኝ፤ ግብር ከፍዬ ነው የምኖረው። በ2025 ሰመር በየመብራት ምሰሶው የጊዮርጊስ መስቀል ያለበት የእንግሊዝ ባንዲራ ሲሰቀል ልጄ «እኛን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ኩራታቸው ለእኛ ቤት እንዲህ ሆኖ ነው የደረሰው።

ዘሊድስ፦
ለልጅህ ጊዮርጊስ የእኛም መሆኑን ነገርካት? ዓድዋ ታቦቱ እንደዘመተ? ወይስ እሱንም የቱሪስት ዕቃ ነው አልካት?

ሰላሌ፦
ጊዮርጊስን ከዚህ ነገር አታግቢው እህቴ። ምሰሶ ላይ የወጡት ሰዎች ስለ ዓድዋ የሚያውቁት የለም።

ጎንደሬው፦
የዘውዱን ጥያቄ አሁንም የመለሰልኝ የለም።