የግብርና ኢኮኖሚክስ መማር እፈልጋለሁ፤ የዩኒቨርሲቲ ምርጫዬን እንዴት ልሙላ?

የእነማይ ልጅ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። ከቢቸና ነኝ። በተፈጥሮ ሳይንስ ተፈትኜ ከ600 341 አምጥቻለሁ። መማር የምፈልገው የግብርና ኢኮኖሚክስ ነው። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ፦ ምርጫ ሲሞላ የሚመረጠው ዩኒቨርሲቲው ነው ወይስ ትምህርት ክፍሉ? ከቤት ሳልርቅ የት የት ይሰጣል? «ኢኮኖሚክስ የሶሻል ነው፣ ናቹራል ሆነሽ አትገቢም» ያሉኝም አሉ። ደግሞ ሒሳብ ከ100 52 ነው ያገኘሁት፤ ይበቃኛል?

ዳሞት
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ያሉሽን አትስሚ። ሁለት ትምህርት ነው የተቀላቀለባቸው። ዝም ብሎ «ኢኮኖሚክስ» የሚባለው ቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ ሥር ነው፤ ወደዚያ የሚገባው በማኅበራዊ ሳይንስ በኩል ነው። የግብርና ኢኮኖሚክስ ግን ግብርና ኮሌጅ ሥር ከዕፅዋት ሳይንስና ከእንስሳት ሳይንስ ጎን ያለ ክፍል ስለሆነ ተማሪ የሚቀበለው ከናቹራል ነው። እንዲያውም ሶሻል ብትሆኚ ነበር የምትቸገሪው። ድረ ገጹ ላይ የግብርና ኢኮኖሚክስ ብለሽ ሙይና ጨርሺ።

ጮቄ
ዳሞት፣ የመጀመሪያው ልክ ነው፤ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ግን ልጅቷን ታሳስታለች። የትምህርት ሚኒስቴር የምደባ ድረ ገጽ ላይ በቅደም ተከተል የሚደረደሩት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ተማሪ መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይመደባል፣ አንደኛ ዓመትን (ፍሬሽማን) ከሌሎች ናቹራሎች ጋር ይማራል፣ ትምህርት ክፍል የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። አሠራሩ ከዓመት ዓመት ስለሚሻሻል ምርጫ ከመሙላትሽ በፊት የዘንድሮውን ማስታወቂያ ከላይ እስከ ታች አንብቢው። ሰው የነገረሽን ሳይሆን የተጻፈውን።

ስለዚህ ጥያቄሽ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አሁን የምትወስኚው «ክፍሉ ያለበት ዩኒቨርሲቲ የትኛው ነው?» የሚለውን ነው። ክፍሉን ማግኘትሽን የሚወስነው ግን የፍሬሽማን ውጤትሽ ነው።

ለቅርበቱ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግብርናውን የሚያስተምረው ዘንዘልማ ግቢ ነው፤ የግብርና ኢኮኖሚክስም እዚያ አለ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ክፍሉ አለው፤ ከቢቸና ለሚመጣ ሰው ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነው። አዊ በኩል እንጅባራ አለ። ከአካባቢው ወጣ ካልሽ ጎንደርና ሐረማያን ጨምሪ። ሐረማያ በግብርና ትምህርት አንጋፋው ነው፣ መንገዱ ግን ሩቅ ነው።

ዳሞት
ታርሜያለሁ፤ ጋሼ ጮቄ እንዳሉት ነው። ብቻ እኔ ብሆን ባሕር ዳርን አንደኛ አደርጋለሁ።

ጮቄ
ስሙ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ አይበቃም። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ብዙ ሰው ስለሚወዳደር 341 ሊያደርስም ላያደርስም ይችላል። ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫሽ ላይም ክፍሉ ያላቸውን ደርድሪ ነው የምለው። ተማሪ የሚሳሳተው አንደኛውን አስቦ ይሞላና ቀሪውን ጓደኛው የሞላውን ይገለብጣል። ከዚያ አራተኛው ላይ ይደርሰውና ግብርና ኮሌጅ የሌለበት ግቢ ይገባል። ያን ጊዜ ዝውውር ካልሆነ መፍትሔ የለውም፤ ዝውውር ደግሞ በጤናና በመሳሰለው ከባድ ምክንያት ካልሆነ አይገኝም።

ሬጅስትራር በር
ስለ መሙላቱ ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ነው።

የይለፍ ቃልሽን ራስሽ ያዢ። ኢንተርኔት ቤት የሞላላት ልጅ ቃሉን እሱ ጋር ትታ ትሄድና ማስተካከያ ሲመጣ መግባት ያቅታታል። ከሞላሽ በኋላ ማስገባትሽን አረጋግጪ፤ ማስቀመጥና ማስገባት የተለያዩ ናቸው። የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አንሺና ያዢ። እኛ አካባቢ ኔት ሲጠፋ ቀናት ሊጠፋ ስለሚችል የመጨረሻውን ቀን አትጠብቂ።

ስምሽ በላቲን ፊደል የተጻፈበት መንገድ በ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ በ12ኛ ክፍል ውጤትና በፋይዳ መታወቂያሽ ላይ አንድ መሆኑን ዛሬውኑ ጎን ለጎን አስተያዪ። የልደት ቀንም እንዲሁ። በኛ አቆጣጠር ጥር 5 ቀን 1999 የተወለደች ልጅ በፈረንጁ ጃንዋሪ 13 ቀን 2007 ነው የምትሞላው። አንዱ ቦታ ላይ «1999» ብሎ በፈረንጁ ሳጥን ውስጥ ያስገባ ሰው የ8 ዓመት ትርፍ ዕድሜ ይዞ ይዞራል።

ምደባው ወጥቶ ስትጠሪ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ የ9–12 ትራንስክሪፕት ዋናውና ኮፒው፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ 3 በ4 የሆነ ጉርድ ፎቶ (8 ያህል አስነሺ፣ ከበዛ አይጎዳም)፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ልብስ። ትራንስክሪፕቱን ከትምህርት ቤትሽ አሁን አውጪ፤ ጥሪ ከወጣ በኋላ ሁሉም አንድ ቀን ስለሚሄድ ማኅተም የሚያደርገው ሰው አይገኝም።

የወጪ መጋራት ውልም ትፈርሚያለሽ። ከማስተማሪያው ወጪ 15 በመቶውን፣ ከምግብና ከመኝታው ደግሞ የተጠቀምሽውን ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢ ትከፍያለሽ። ቅጂውን አትጣይው፣ ወደፊት ያስፈልግሻል።

የእነማይ ልጅ (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ። ፍሬሽማን ላይ ምን ያህል ማምጣት አለብኝ? ሒሳቡስ?

ጮቄ
ቁርጥ ያለ ነጥብ የለም። በዚያ ዓመት ስንት ሰው እንደመረጠውና ክፍሉ ስንት እንደሚቀበል ነው የሚወስነው። አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ የፍሬሽማን ውጤትን ከ12ኛ ክፍል ውጤት ጋር ይደምራል፤ የየአንዳንዱ ድርሻ እንደ ግቢው ይለያያል።

አንድ ሒሳብ ግን ላሳይሽ። በአንድ ሴሚስተር እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት የሆኑ 6 ኮርሶች ወሰድሽ እንበል፣ 18 ክሬዲት። አንዱን ኮርስ ከሲ ወደ ኤ ብታወጪው 2 ነጥብ በ3 ክሬዲት 6 ይሆናል፣ ለ18 ሲካፈል የሴሚስተሩ ውጤትሽ በ0.33 ያድጋል። ከ2.90 ወደ 3.23 ማለት ነው። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂና ጂኦግራፊን «የማንበቢያ ናቸው» ብሎ የሚንቅ ተማሪ ፊዚክስ ላይ ሲለፋ ይከርማል፤ ክሬዲታቸው ግን እኩል ነው። ስፖርቱ ብቻ ነው አልፏል ወይም ወድቋል ተብሎ የሚያልፈው፣ አማካይ ውስጥ አይገባም።

ቀመር ወዳድ
ስለ ሒሳቡ ለእኔ ተውት። 52 አይከለክልሽም፤ 52ን ይዘሽ ዝም ማለት ግን ይከለክልሻል። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ማይክሮና ማክሮ ኢኮኖሚክስ፣ ሒሳብ ለኢኮኖሚስቶች፣ ስታትስቲክስ፣ የምርት ኢኮኖሚክስ፣ ኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚ መረጃን በስታትስቲክስ መተንተን)፣ የእርሻ አስተዳደር፣ የግብርና ግብይት፣ የፕሮጀክት ትንተና ይመጣሉ። ሰው የሚወድቀው ኢኮኖሜትሪክስ ላይ ነው ይባላል። ሥሩ ግን ቀድሞ ስታትስቲክስ ላይ ነው የሚበሰብሰው፤ ናሙናና የይሆናል ስሌት (ፕሮባቢሊቲ) ያልገባው ሰው የኢኮኖሜትሪክስ ሰንጠረዥ ሸምድዶ ያልፋል፣ ከዚያ የመመረቂያ ጥናቱ ላይ ይጋለጣል።

እስክትጠሪ ድረስ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መጽሐፍሽን ያዢና ሦስት ነገር ብቻ ሥሪ፦ ዴሪቬቲቭ (አንዱ ትንሽ ሲጨምር ሌላው የሚለወጥበት መጠን)፣ ማትሪክስ፣ ፕሮባቢሊቲ። ዴሪቬቲቭ ለምን እንደሆነ በቡሬ በቆሎ ላሳይሽ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው።

አንድ ገበሬ በሄክታር የሚያገኘው ምርት በኩንታል፦ 20 + 6ዩ − ዩ² ነው እንበል። ዩ ማለት የጨመረው ዩሪያ በኩንታል ነው። በቆሎ በኩንታል 4,000 ብር፣ ዩሪያ 8,000 ብር ይሁን። ዴሪቬቲቩ 6 − 2ዩ ነው። ምርቱ ጣሪያ የሚነካው ይህ ዜሮ ሲሆን፣ ማለትም በ3 ኩንታል ዩሪያ ነው፤ 29 ኩንታል በቆሎ። የግብርና ባለሙያ ብቻ ብትሆኚ እዚህ ላይ ታቆሚያለሽ። ትርፉ የሚበዛው ግን ዴሪቬቲቩ ከዋጋ ንጽጽሩ፣ 8,000 ለ4,000 ማለትም 2፣ ጋር እኩል ሲሆን ነው፤ ያ ደግሞ በ2 ኩንታል ዩሪያ ነው፣ 28 ኩንታል በቆሎ። ሦስተኛዋ ኩንታል ዩሪያ 8,000 ብር አስወጥታ 1 ኩንታል በቆሎ፣ 4,000 ብር ነው የምትመልሰው። ክፍሉ የሚያስተምረው ይህችን ልዩነት ነው። ማዳበሪያ ሲወደድ ገበሬው ለምን እንደሚቀንስ ለማስረዳት «ግንዛቤ ስለሌለው» ማለት አይበቃም።

ፋግታ
ቀመር ወዳድ ከነካው አይቀር የኛንም አገር ጨምሩ። ፋግታ ለኮማ ላይ ገበሬው ጤፉን ትቶ ዲከረንስ ተክሎ ከሰል ያከስላል። ዛፉ ለከሰል እስኪደርስ 4 ወይም 5 ዓመት ይፈጃል፤ ጤፍ በየዓመቱ ይታጨዳል። የትኛው ያዋጣል ቢሉ የብሩ መጠን ብቻ አይመልስም። ከ5 ዓመት በኋላ የሚገኝ 100,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ ታስቦ ወደ ዛሬ ሲመለስ ወደ 49,700 ብር ገደማ ነው የሚያወጣው። ላዩ ላይ ዛፉን በሽታ ሲይዘው ያለውን ስጋት ደምሩበት። የፕሮጀክት ትንተና የሚሉት ኮርስ ይኸው ነው።

የይልማና ልጅ
ይቅርታ ጥያቄ ጣልቃ ላስገባ። ታናሽ ወንድሜ ናቹራል 288 ነው ያመጣው። እሱስ ይህን መማር ይችላል?

ሬጅስትራር በር
ማለፊያው 50 በመቶ፣ ከ600 300 ስለሆነ በቀጥታ አይመደብም። የሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) መቁረጫ ነጥብ በየዓመቱ ይነገራል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሪሜዲያል ገብቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካመጣ ፍሬሽማን ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ከማንም ጋር እኩል ይወዳደራል። የሪሜዲያል ምርጫውንም ክፍሉ ያለበት ግቢ እያየ ይሙላ።

አዴት ማዶ
እኔ በዕፅዋት ሳይንስ የተመረቀ ሰው ማስተርሱን በግብርና ኢኮኖሚክስ መቀጠል ይችል እንደሆነ ነው የምጠይቀው።

ቀመር ወዳድ
ብዙ ቦታ ይቀበላሉ፤ የየግቢውን ማስታወቂያ እዩ፣ ተቀባይነት ያላቸው የመጀመሪያ ዲግሪዎች ይዘረዘራሉ። መጀመሪያ የሀገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና (ጋት) ማለፍ ግድ ነው። ከዚያ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተማሩበት ወደሚያመለክቱበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ይላካል፤ በእጅ የያዙት ኮፒ አይተካውም። ከላይ የተባለው የወጪ መጋራት ነገር እዚህ ጋ ነው የሚመጣው፣ ዕዳው ካልተዘጋ ትራንስክሪፕቱ አይወጣም። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልዎትን መምህር ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይንገሩት። ከዕፅዋት ሳይንስ የሚመጣ ሰው የሚጎድለው ማይክሮና ስታትስቲክስ ስለሆነ ለክፍሉ ፈተና ከገቡ እነሱን ይከልሱ።

የእነማይ ልጅ (ጠያቂ)
አባባ «ግብርና ለመማር ግቢ ድረስ?» ይላሉ። ተመርቆ የት ይሠራል ቢሉኝ ምን ልበል?

ዳሞት
በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ በኅብረት ሥራ ማስፋፊያ፣ በገበሬዎች ዩኒየን (ፍኖተ ሰላም ዳሞት አለ፣ ደብረ ማርቆስ ጎዛምን)፣ በባንክና ብድር ተቋም የግብርና ብድር ክፍል፣ በምርምር ማዕከል፤ አዴት ቅርብሽ ነው። ቡሬ ላይ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። መራዊ ላይ ቆጋ መስኖ ወደ 7,000 ሄክታር ያለማል፤ ምን ተተክሎ የት ይሸጥ የሚለውን የሚያሰላ ሰው ይፈልጋል። ማስታወቂያ ግን እንደ አካውንቲንግ በየቀኑ አይወጣም፣ ይህንንም አትደብቂያቸው።

ጮቄ
አንድ ነገር ጨምሪላቸው። ከ2015 ጀምሮ ማንኛውም ተመራቂ የመውጫ ፈተናውን 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪ አያገኝም። ስለዚህ የሁለተኛ ዓመት ደብተርሽን አትጣይ፤ ጥያቄው ከየዓመቱ ዋና ዋና ኮርሶች ነው የሚወጣው፣ ከመጨረሻው ዓመት ብቻ አይደለም።

የእነማይ ልጅ (ጠያቂ)
እሺ ጋሼ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን ሳስተያየው ፋይዳዬ ላይ የአያቴ ስም አንድ ፊደል ተሳስቷል። 8ኛውና 12ኛው አንድ ናቸው። የቱን ላስተካክል?

ሬጅስትራር በር
ፋይዳውን። ሁለቱ ሰርተፊኬቶች ከተስማሙ እነሱን አትንኪ፤ የፈተና ውጤት ላይ ስም ማስተካከል ከትምህርት ቤት ተነስቶ ረጅም መንገድ ነው የሚሄደው። የ12ኛውን ውጤትና የልደት ማስረጃሽን ይዘሽ ወደ ፋይዳ መመዝገቢያ ጣቢያ ሂጂ። ከተስተካከለ በኋላ ያዲሱን ፎቶ አንሺ፣ የድሮውን ከስልክሽ አጥፊ፤ በስህተት እሱን የሚያስገባ ብዙ ሰው አለ።