ክርክር፦ የደሴ–ኮምቦልቻን ስምሪት ኮንቴክስት አንባቢ ሲስተም ይወስነው?

አስተባባሪ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ጥያቄ ይኸው። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለሱት ሚኒባሶች በተራ አስከባሪ ነው የሚሰማሩት። በእሱ ፋንታ ኮንቴክስቱን፣ ማለትም ዙሪያ ገባውን ሁኔታ፣ ከጂፒኤሱ፣ ከተሳፋሪው ስልክ፣ ከአየር ሁኔታውና ከካላንደሩ እያነበበ «አሁን አምስት መኪና ይውረድ» ብሎ የሚያዝ ሲስተም ቢመጣ እንቀበለው? ለመከራከሪያ ያነሳነው ነው እንጂ ማንም ያቀረበው ነገር የለም። የሚሳደብ ይወጣል፣ ከአሁኑ ተናግሬያለሁ።

ዳታው (ደሴ)፦ እቀበላለሁ፣ ዛሬውኑ። የሁለት ዓመት የጉዞ መዝገብ ስጡኝ፤ ሰው መቼና የት እንደሚበዛ ሞዴሉ፣ ማለትም ከመዝገቡ የሚማረው ፕሮግራም፣ ራሱ ይደርስበታል። ቁጭ ብሎ ሕግ የሚጽፍ ሰው አያስፈልግም።

ኮደሯ (ኮምቦልቻ)፦ እስቲ ረመዳንን ልጠይቅህ። ለኢፍጣር ቤቱ ለመድረስ ሰው የሚጣደፍበት ሰዓት ከሌላው ወር ጋር አይገናኝም። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይገባል። ሞዴልህ የመጋቢትን ግርግር ተምሮ ይቀመጣል፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ግርግሩ ጥር ላይ ይሆናል። ፋሲካም እንዲሁ ይዘዋወራል። በሁለት ዓመት መዝገብ ይሄ አይገኝም፤ ሰው ሕጉን ጽፎ ሊሰጠው ይገባል።

ዳታው፦ ካላንደሩን እንደ አንድ ግብዓት እሰጠዋለኋ!

ኮደሯ፦ ሰጠኸው ማለት እኮ እውቀቱን በእጅህ ጻፍክለት ማለት ነው ወንድማለም። እኔስ ሌላ ምን አልኩ?

ዳታው፦ እሺ፣ ያንቺ የተጻፈ ሕግ ነገ ዒድ መሆኑን ይንገረኝ። ወሩ 29 ይሁን 30 ጨረቃ ካልታየች አይታወቅም። ሕግሽ አዎ ወይም አይደለም ነው የሚለው። የኔ ግን «ምናልባት» ማለት ይችላል፣ ለሁለቱም መኪና ያዘጋጃል።

ኮደሯ፦ ይቺ ትክክል ናት። እርግጠኛነትን በቁጥር የማይዝ ሞዴል እኔም አልፈልግም።

ባለሱቋ (ፒያሳ)፦ ሰኞ ለሰኞ ገበያ ሰው እንደሚጎርፍ ለማወቅ ኮምፒውተር ያስፈልጋል እንዴ? ሆ!

ኮደሯ፦ አያስፈልግም እትዬ። ችግሩ ሰኞው በዓል ሲሆን፣ ዝናብ ሲጨመርበት፣ ነዳጅ ሲጠፋ ነው። አንዱ ሕግ ጨምር ይላል፣ ሌላው ቀንስ፤ የትኛው ያሸንፍ? እዚያ ላይ ነው ሥራው።

ከሥር ልጀምርላችሁ። ሺሊትና ታይመር የተባሉ ተመራማሪዎች ኮንቴክስት አዌር (ሁኔታን የሚያነብ) የሚለውን ቃል በ1994 እ.ኤ.አ. ሲያስተዋውቁ የዚያን ጊዜ ሲስተሞች መረጃውን የሚይዙት በስምና በእሴት ጥንድ ነበር፤ «አየር፦ ዝናብ» ብለህ ትጽፋለህ፣ አለቀ። ይህን ወደኛ መስመር አምጡት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ፣ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ላይ ጉም ሰው ከሰው አያሳይም፣ እዚህ እኛ ጃኬት አውልቀናል። ታዲያ «የመስመሩ አየር» የሚባለው የትኛው ነው? የት ተለካ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ በምን፣ ምን ያህል ይታመናል የሚለው አብሮት ካልተጻፈ ያ «ዝናብ» የአንድ ሰዓት አሮጌ ወሬ ነው። በዝምድና የተያያዘ ሞዴል፣ ማለትም ኦንቶሎጂ የምመርጠው ለዚህ ነው። መኪናው መንገድ ላይ ነው፣ መንገዱ ጉም ያለበትን ቦታ ያቋርጣል፣ ስለዚህ ይዘገያል። ለምን እንዲህ አልክ ስትሉት ያስረዳችኋል።

ዳታው፦ ያስረዳል፣ ግን ይንቀራፈፋል። ነገሩ ሲበዛ ኦንቶሎጂውን እያመዛዘነ መልስ ማውጣቱ ጊዜ ይፈጃል፤ ተሳፋሪው ዝናብ ላይ ቆሞ ማብራሪያ አይጠብቅም።

ጋሼ ሹፌሩ፦ ልጆች፣ ሳይንሱን ለናንተ ትቻለሁ። ድንገት ለቅሶ ይሆናል። ሰፈሩ ለቀብር ሁለት መኪና ይፈልጋል። ተራ አስከባሪው በስልክ ሰምቷል፣ ሟቹንም ያውቃል፤ ከተራ ያወጣናል፣ ማንም አያጉረመርምም። ያ ማሽን ግን «ሁለት መኪና ከመስመር ጠፋ» ብሎ ቅጣት ይጽፍብናል። ለቅሶን በምን ሴንሰር ነው የምታነቡት?

ኮደሯ፦ ጋሼ፣ አንቱ ያሉትን ምሁራኑም ተከራክረውበታል። አኒንድ ዴይ በ2001 እ.ኤ.አ. ኮንቴክስት ማለት የአንድን ሰው፣ ቦታ ወይም ነገር ሁኔታ ለመግለጽ የሚያገለግል ማንኛውም መረጃ ነው አለ። ፖል ዱሪሽ ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. አይደለም፣ አስቀድሞ ተዘርዝሮ የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ ሰዎች ሥራቸውን ሲሠሩ እዚያው የሚፈጥሩት ነው ሲል ሞገተ። ለኮድ የዴይ ይመቸኛል፤ ለቅሶው ላይ ግን ዱሪሽ ያሸንፈኛል።

ዳታው፦ ጋሼ፣ በስልክዎ «ለቀብር ወጥቻለሁ» የሚል አንድ ቁልፍ ቢጫኑስ?

ጋሼ ሹፌሩ፦ እየነዳሁ? ደግሞ መብራት ሲጠፋ ስልኬ ይሞታል።

ኮደሯ፦ እሱን ያንሱልኝማ! መብራት ጠፍቶ ስልኮች ሲዘጉ ሲስተሙ መናኸሪያው ላይ ተሳፋሪ አያይም። «ያላየሁት የለም» ብሎ የሚያስብ ሲስተም መኪናውን ወደ ሌላ ይልካል፣ ሰዉ ግን ቆሞ ነው። ኦውል በሚባለው የኦንቶሎጂ ቋንቋ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያልተነገረው አይታወቅም እንጂ የለም አይባልም። ይሄን ልዩነት የዘለለ ፕሮጀክት በጨለማ ሰፈር ላይ ይፈርዳል፤ የሚጎዳውም ስማርት ስልክ የሌለው ነው።

ባለሱቋ፦ የኔ ነገር ሌላ ነው። ስልኬ ዓርብ ቀትር ላይ የት እንደቆመ፣ እሁድ ጠዋት የት እንደቆመ ካየ ሃይማኖቴን አወቀ ማለት አይደል? ማን ፈቀደለት?

የሕግ ተማሪው፦ ጥያቄዎ የቆየ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ግድም ካምብሪጅ ውስጥ በኦሊቬቲ የምርምር ቤት አክቲቭ ባጅ የሚባል መለያ ሲሠሩ ሐሳቡ ስልክ ጥሪን ሠራተኛው አጠገብ ወዳለው ስልክ ማዞር ነበር፤ ሠራተኛው የት እንዳለ ግን አብሮ ይታወቃል። እኛም አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። የኔ ስጋት ከሚሰበሰበው ይልቅ ከሱ ተነሥቶ የሚገመተው ነው። ቦታና ሰዓት ለየብቻ ምንም አይሉም፤ ሲጋጠሙ ይናገራሉ።

ዳታው፦ የሰው ቁጥር ብቻ ይቆጠር፣ ማንነት አይያዝ። ለስምሪት ይበቃል።

ኮደሯ፦ በዚህ እስማማለሁ። ውሳኔው ላይ ግን አልስማማም። ሲስተሙ ምክሩን ከነምክንያቱና ከነመረጃው ዕድሜ ይስጥ፣ ተራ አስከባሪው ይወስን።

ዳታው፦ እንግዲያውስ የዘመድ መኪና ወረፋ ሲዘል ማየታችን ሊቀጥል ነዋ! ሁላችንም የምናማርርበት እሱ አይደል እንዴ?

ጋሼ ሹፌሩ፦ እሱስ አለ፣ አልዋሽም። ግን ተራ አስከባሪውን ዐይን ዐይኑን እያየሁ ለምን ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ዳታው፦ ምክሩን ሲሽር ምክንያቱን ይመዝግብ። «ለቀብር» ቢል ማንም አይከፋም።

ኮደሯ፦ ይሁን። የሟች ስምና የተሳፋሪ ስልክ ግን አይመዝገብ።

ባለሱቋ፦ መዝገቡን የሚያየው ማነው? ባለመኪኖቹ ብቻ ከሆኑ እኔ አልደግፍም። ዘለው ሲሄዱ ዝናብ ላይ የምንቆመው እኛ ነን፣ እኛም እንየው።