በኩር ልጁን በአንድ ሺሊንግ? የዌልስ ኑዛዜ የሚያነብ ይርዳኝ

የጂሬኑ አባት
ሰላም ለዚህ ቤት። የምጽፈው ከጅማ ነው። ልጄ ያገባችው የዌልስ ሰው ነው፤ ደግ ልጅ ነው፣ እግዜር ይባርከው። የእኛን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩለት። እሱ አራተኛው ላይ ቆመ። አሁን የልጅ ልጅ መጥቶልናል፤ በሁለቱም ወገን ቆጥሬ ላስተምረው እፈልጋለሁ።

ቤተሰቡ ድሮ በካርማርተንሻየር፣ በዌልስ አንድ አውራጃ፣ ባለርስት ነበሩ ይባላል። አማቼ የአንድ ቅድመ አያቱን ኑዛዜ ከኢንተርኔት አውርዶ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር አሳትሞ አመጣልኝ። ቡና እየጠጣን አብረን አነበብነው። ለሚስቱ አልጋ ከነፍራሹ፣ ለሁለት ሴቶች ልጆቹ ገንዘብ፣ ለአሽከሩ ካፖርት። ለበኩር ልጁ ግን አንድ ሺሊንግ ብቻ! መሬቱ ጭራሽ አልተነሳም። አማቼ «ተጣልተው ይሆናል» ይላል። ለእኔ አልዋጥልህ አለኝ። ደግሞ ተናዛዡ በጃንዋሪ 1741 ተቀበረ ይላሉ፤ የኑዛዜው ቀን ግን ፌብሩዋሪ 1741 ነው። ሰው ከተቀበረ በኋላ ይናዘዛል?

መዝገብ አገላባጭ
ጋሼ፣ ልብዎ ይረፍ። ልጁ የተካደ አይመስለኝም። በዚያ ዘመን የባለርስት በኩር ልጅ ሲያገባ መሬቱ በጋብቻ ውል ይታሰር ነበር። አባት፣ ልጅና የሙሽራዋ አባት ይፈርማሉ። ርስቱ በባለአደራዎች ስም ይሆናል። አባትየው በሕይወት እስካለ ይጠቀምበታል፤ ከዚያ ልጁ፣ ከዚያ ገና ያልተወለደው የልጅ ልጅ። ታዲያ አባትየው ምኑን ይናዘዘው? ድርሻውን አስቀድሞ ለወሰደ ልጅ አንድ ሺሊንግ መተው የተለመደ ነበር፤ «አልረሳሁትም» ለማለት ነው።

ስለዚህ ውሉን ይፈልጉ። የዘር ቆጠራው ሀብት ያለው እዚያ ነው። የሙሽራዋ አባት ማን እንደሆነ፣ ይዛ የመጣችው ገንዘብ፣ ባሏ ቢሞት በየዓመቱ የምታገኘው፣ እርሻዎቹ በየስማቸው፣ ሁሉም ተጽፏል። የሴቶቹ ወገን የሚጠፋብን ኑዛዜ ብቻ ስለምናነብ ነው። ከ1883 በፊት ባለትዳር ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ መናዘዝ አትችልም ነበርና የራሷ ኑዛዜ እምብዛም አይገኝም። የአባቷን ኑዛዜም አብረው ይፈልጉ።

ከ1858 በፊት ኑዛዜ የሚጸድቀው በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ነበር። የዌልስ ሀገረ ስብከቶች ኑዛዜ አበሪስትዊዝ ባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው ያለው፤ በኢንተርኔት በነጻ ይታያል። ከአንድ ሀገረ ስብከት በላይ ንብረት የነበረው ባለጸጋ ግን ኑዛዜው በካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት ነበር የሚያልፈው፤ የእነዚያ መዝገብ ለንደን፣ ኪው ነው። የጋብቻ ውሎች አንድ ቦታ አልተሰበሰቡም። በየርስቱ የወረቀት ክምችት ውስጥ፣ በዚያው ቤተ መጻሕፍትና በየአውራጃው ቤተ መዛግብት ተበታትነው ነው ያሉት።

ቀን ቆጣሪው
ቀኑን በተመለከተ፦ እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝና በዌልስ ሕጋዊው አዲስ ዓመት ማርች 25 ነበር የሚገባው። ስለዚህ የዚያ ዘመን ጸሐፊ በቀብር መዝገቡ ላይ «ጃንዋሪ 1741» ብሎ ሲጽፍ ዛሬ 1742 የምንለው ነው። ኑዛዜው ላይ ያለው ፌብሩዋሪ 1741 ግን አማችዎ ወይም ድረ ገጹ ወደ ዛሬው አቆጣጠር አስተካክሎት ከሆነ ከቀብሩ አሥራ አንድ ወር ያህል ይቀድማል። ሁለቱንም ከዋናው ጽሑፍ ላይ ያመሳክሩ።

የጂሬኑ አባት
ተባረኩ! ሸክም ነው ያነሳችሁልኝ። ለካ ልጁ ቀድሞ ወርሷል። ግን ያን ሁሉ ወረቀት በምን ስም ልፈልግ? የቤተሰቡ ስም እንደሆነ በየመንደሩ ሞልቷል።

መዝገብ አገላባጭ
በቤቱ ስም ይፈልጉ፣ ጋሼ። ኑዛዜው ሲጀምር ተናዛዡ የየትኛው ቤትና ደብር ሰው እንደሆነ ይናገራል። ካታሎጉ ላይ ያንን ስም ያስገቡ። ወደ 1500ዎቹ ሲወርዱ ደግሞ የቤተሰብ ስም ራሱ ይጠፋል፤ እንደ እኛው ልጅ በአባቱ ስም ነበር የሚጠራው። ያኔም የሚያሻግርዎ የቤቱ ስም ነው። ውሉን ሲያገኙ የባለአደራዎቹንም ስም ይመዝግቡ። ብዙ ጊዜ የሙሽራዋ ወንድም ወይም አጎት ናቸው።