የተባዛ ጂን ለምን አይጠፋም? «መጠባበቂያ ነው» የሚለው መልስ አላረካኝም

አቤል_ባዮ
አንድ ጂን በስህተት ሲባዛ ሁለቱ ቅጂዎች መጀመሪያ ላይ ልዩነት የላቸውም። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍናል። ታዲያ ተፈጥሯዊ ምርጦሽ ሁለተኛውን ምን ብሎ ያቆየዋል? ብዙ ቦታ «ለክፉ ቀን መጠባበቂያ» ይሉታል። የዳቦ እርሾ ሙሉ ጂኖሙ ከተባዛ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ዛሬም 550 ያህል ጥንዶች አሉት። መጠባበቂያ ይህን ያህል ይቆያል? ከጥንዱ አንዱን ሲሰርዙት ደግሞ ብዙ ጊዜ እርሾው ምንም አይሆንም ይባላል።

ስሌት
አቤል፣ ጥርጣሬህ ልክ ነው፤ 550ን ግን ገልብጠህ እየው። የእርሾው ቅድመ አያት 5,000 ያህል ጂኖች ነበሩት። ሁሉም ተባዝተው 550 ጥንድ ብቻ ከቀረ፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ትርፍ ቅጂ ጠፍቷል ማለት ነው። ደንቡ መጥፋት ነው።

መጠባበቂያ የሚባለው በስሌት አይቆምም። አንድን ጂን የሚያበላሽ ሚውቴሽን በትውልድ ከ100,000 አንዴ ይመጣል እንበል። ትርፉን ቅጂ ያጣ ግለሰብ የሚጎዳው የቀረው ቅጂም ሲበላሽ ብቻ ስለሆነ፣ ጉዳቱ በዚያው በ100,000 አንድ መጠን ላይ ይቀራል። ውጤታማ የሕዝብ ብዛቱ (ማለትም ዘር የሚያስተላልፈው ቁጥር) 10,000 በሆነ ዝርያ ደግሞ ምርጦሽ ከ20,000 አንድ በታች ያለን ልዩነት አያየውም፤ ዕድል ነው የሚወስነው። ስለዚህ ትርፉ ቅጂ ሌላው የማይሠራውን አንድ ነገር ካልያዘ በቀር፣ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ተበላሽቶ ይቀራል።

እርሾ_ቤት
«ቢሰርዙት ምንም አይሆንም» የሚለው የሚያሳስተው ሳህኑ ላይ የፈሰሰው ስኳር ግሉኮስ ስለሆነ ነው። ጋል1 እና ጋል3 የሚባሉትን ጥንድ ውሰድ። ጋል1 ጋላክቶስን ለመጠቀም የመጀመሪያውን እርምጃ የሚሠራ ኤንዛይም ነው። ጋል3 ጋላክቶስ መምጣቱን አይቶ የቀሩትን ጂኖች የሚያስነሳ ዳሳሽ ነው። ግሉኮስ ላይ ሁለቱንም ብትሰርዝ እርሾው ደህና ያድጋል። ሳህኑን ወደ ጋላክቶስ ቀይረው፦ ጋል1 የሌለው ጨርሶ አያድግም፤ ጋል3 የሌለው ለቀናት ቆሞ ቆይቶ ነው የሚነሳው። የሚነሳበትም ምክንያት ጋል1 የድሮውን የዳሳሽነት ሥራ ትንሽ ስለሚያስታውስ ነው።

ይህ የጂን ብዜት ባልደረሰበት ዘመዱ፣ በወተት እርሾ ክሉይቬሮማይሲስ ላክቲስ፣ ሁለቱንም ሥራ አንድ ጂን ይሠራል። ችግሩ ማብሪያው ላይ፣ ማለትም ጂኑ መቼና ምን ያህል እንደሚሠራ በሚወስነው የዲኤንኤ ክፍል ላይ ነው። ኤንዛይሙ ሳይፈለግ ድርግም ብሎ ሲፈለግ ወደ 1,000 እጥፍ መውጣት ይሻለዋል፤ ዳሳሹ ግን ምንጊዜም ትንሽ መኖር አለበት፣ አለዚያ ማን ያስነሳል? አንድ ማብሪያ ሁለቱን ማስማማት አይችልም። ብዜቱ ጠቡን ፈታው። ጋል3 ከኤንዛይሙ ሁለት አሚኖ አሲድ (ሴሪንና አላኒን) ብቻ ነው የጎደለው፤ መልሰው ሲያስገቡለት ኤንዛይምነቱ ይመለሳል። እኔን የሚደንቀኝ ይሄ ነው።

ቀዘፊ
ደስ የሚል ምሳሌ ነው፤ ግን ሁሉም ጥንድ «ተሻሽሎ» የቀረ እንዳይመስል። በመበላሸት ብቻም መቆየት ይቻላል። ኢንግሬይልድ-1 አይጥ ውስጥ አንድ ጂን ነው፤ በእጅና እግር ቡቃያም፣ በኋላ አንጎልና በህብለ ሰረሰር ነርቮችም ይበራል። ዜብራፊሽ የተባለው ትንሽ ዓሣ ሁለት አለው፦ አንዱ የደረት መቅዘፊያው ቡቃያ ላይ፣ ሌላው ነርቮቹ ላይ። እያንዳንዱ ቅጂ የጎደለው ሌላ ማብሪያ ነው። ከዚያ በኋላ አንዳቸውም መጥፋት አይችሉም፤ ማንም ግን አዲስ ሥራ አልተማረም።

ማሳ
መጠኑ ራሱ የሚፈለግበትም አለ። እንጀራው ገና አፍ ውስጥ ሳለ ስታርቹን መቁረጥ የሚጀምረው የምራቅ አሚሌዝ፣ የጂን ቅጂው ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዱ ሁለት ሲኖረው ሌላው ከአሥር በላይ አለው፤ ቅጂ ሲበዛ ኤንዛይሙም ይበዛል። ፕሮቲን የሚሠራው የሕዋስ ማሽን፣ የራይቦዞም፣ ፕሮቲኖችም እንዲሁ፦ እርሾ ካሉት 80 ገደማ ውስጥ 59ኙ ዛሬም በጥንድ ናቸው። ብዙ ክፍል ተገጣጥሞ በሚሠራ ማሽን ውስጥ አንዱ ብቻ ሲቀንስ ሚዛኑ ይዛባል።

አቤል_ባዮ
ገባኝ። ሰብል ላይስ? የጤፍ ናሙና ዲኤንኤ ሳስነብብ ብዙ ጂን ሄትሮዛይገስ (ከእናትና ከአባት የመጡት ቅጂዎች የተለያዩ) ሆኖ ይታየኛል፤ ጤፍ ደግሞ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ነው።

ማሳ
ሄትሮዛይገስ ላይሆን ይችላል። የጤፍ 40 ክሮሞዞሞች ከሁለት የተለያዩ ወላጅ ዝርያዎች የመጡ ስለሆኑ አብዛኛው ጂን በሁለት ቅርብ ቅጂ ነው ያለው። ፕራይመርህ (የሚነበበውን ክፍል ለማባዛት መነሻ የሚሆነው አጭር ዲኤንኤ) ሁለቱንም ካባዛ፣ ሲነበብ አንድ ቦታ ላይ ድርብ ጫፍ፣ ማለትም የሁለት ቤዞች ምልክት ተደራርቦ ታያለህ። ፕራይመሩን እንደገና ስትሠራ የመጨረሻዋ ቤዝ፣ በ3 ፕራይም ጫፍ፣ ቅጂዎቹ የሚለያዩበት ላይ ትረፍ። ለማረጋገጥ የአንዱን ተክል ዘር ዘርተህ 20 ያህል ልጆቹን አንብብ። እውነተኛ ሄትሮዛይገስ 1:2:1 ይከፋፈላል (ሩቡ አንዱን ዓይነት ብቻ፣ ግማሹ ሁለቱንም፣ ሩቡ ሌላውን ብቻ)፤ ሁሉም ልጆች ድርብ ጫፍ ካሳዩ ያነበብከው ሁለት ቅጂ ነው።

ጂን ማጥፋት ከፈለግህም ሁለቱንም ነው። በዳቦ ስንዴ ቅጠሉን አመድ መሳይ ከሚያለብሰው ሻጋታ መከላከያ ለማግኘት ኤምኤልኦ የተባለውን ጂን ሦስቱንም ቅጂ ማጥፋት አስፈልጓል፤ አንዱ ጤነኛ ከቀረ ሻጋታው ይገባል።